የቀራጺውን ጋላክሲ በባይኖኩላር ማግኘት፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ለወራት በደመና ተሸፍነው የቆዩት ከዋክብት አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ከእነሱ በጣም ርቆ ደግሞ በዓይን ብቻ የማይታይ፣ በተራ ባይኖኩላር ግን የሚገኝ አንድ ነገር አለ። በሥነ ፈለክ መዝገብ ስሙ ኤንጂሲ 253 ነው። የቀራጺው ጋላክሲም ይባላል። ጋላክሲ በስበት የተያያዙ እጅግ ብዙ ከዋክብት ስብስብ ነው፤ ይህኛው መሀሉ ላይ ዘንግ የተጋደመበት ጥምዝምዝ ጋላክሲ ነው። በዚያ መሀል ከዋክብት በሚያስደንቅ ፍጥነት እየተወለዱ ነው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈልገው ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ቦታውን ስቼ አልነበረም። ሁለቱን ሌሊት አይቼው አልፌዋለሁ። የምጠብቀው ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ባለ ቀለም ፎቶ ስለነበር፣ የታየኝን ግራጫ ጭረት ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ይህን የምጽፈው እናንተ ያንን ሁለት ሌሊት እንዳታባክኑ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ምን እንደምትፈልጉ እንነጋገር።

መጀመሪያ የምታዩትን እወቁ

በባይኖኩላር የሚታየው ረዘም ያለች፣ ደብዛዛ፣ ግራጫ ጭረት ናት። ርዝመቷ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል። ስፋቷ ግን የርዝመቷ ሩብ ገደማ ነው። ጋላክሲው እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ ወደኛ የዞረው ግን ከሞላ ጎደል በጎኑ ስለሆነ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ቀለም አትጠብቁ። የፎቶዎቹ ሰማያዊና ሮዝ ለሰዓታት ብርሃን ከሚያጠራቅም ካሜራ የመጣ ነው፤ ዓይናችን እንደዚያ ማጠራቀም አይችልም።

ያቺ ጭረት ግን ቀላል ነገር አይደለችም። ብርሃኗ ወደኛ ለመድረስ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሐዳር ላይ ስትኖር፣ ዛሬ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን አልፎ ነበር።

አሁን ስለ ዘንጉ። በብዙ ጥምዝምዝ ጋላክሲዎች መሀል ቀጥ ብሎ የተጋደመ የከዋክብት ክምችት ይገኛል። ዘንግ የምንለው እሱን ነው። ጠመዝማዛዎቹ ክንዶች ከዘንጉ ጫፍና ጫፍ ይነሳሉ። የኛዋ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብም ዘንግ አላት። የዘንጉን ሥራ ለመረዳት የመስኖ ቦይ አስቡ። በጋላክሲው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ይጋጫል፤ የመዞር አቅሙን ያጣና በዘንጉ በኩል ወደ መሀል ይወርዳል። ቦይ የሜዳውን ውሃ ሰብስቦ አንድ ማሳ ላይ እንደሚያፈስ ማለት ነው።

ጋዙ ጠባብ ቦታ ላይ ሲከማች በራሱ ስበት ይጨመቃል፤ ኮከብ ይሆናል። በኤንጂሲ 253 መሀል ብቻ፣ ከጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) በማይበልጥ ስፍራ፣ በየዓመቱ የሁለት ፀሐይ ያህል ክብደት ያለው ጋዝ ወደ ኮከብነት ይለወጣል። ፍኖተ ሐሊብ መላ አካሏን ይዛ በዓመት የምትወልደው ከዚህ አይበልጥም። ከሚወለዱት መካከል ግዙፎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነደው ይፈነዳሉ። ይህ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመኝ። ከሰሉ ሲበዛ ጀበናው ይገነፍላል፤ የገነፈለው ቡና ደግሞ ራሱ ከሰሉን ያጠፋዋል። በጋላክሲው መሀል የሚሆነውም እንዲሁ ነው። የግዙፎቹ ከዋክብት ነፋስና ፍንዳታ ጋዙን ከመሀል ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቺሊ፣ በአታካማ በረሃ፣ 5000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አልማ የተባለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ይህን የሚገነፍል ቀዝቃዛ ጋዝ አሳይቷል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የሚወጣው ጋዝ ወደ ኮከብነት ከሚለወጠው የሚያንስ አይደለም። እንዲህ ከቀጠለ እሳቱ ማገዶ ያጣል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በባይኖኩላር አታዩትም። የጋላክሲው መሀል በአቧራ ተሸፍኗል። ዘንጉ ራሱ ጎልቶ የሚወጣው በዓይን በማይታየው፣ አቧራውን አልፎ በሚመጣው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በቺሊ ያለው ቪስታ ቴሌስኮፕ ያነሳው የኢንፍራሬድ ምስል ዘንጉን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ከመውጣታችሁ በፊት ያንን ምስል ፈልጋችሁ እዩት። ከዚያ ጭረቷ ስትገኝ ውስጧ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ለኔ ሦስተኛውን ሌሊት ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የለየው ይህ እውቀት ነው።

ጊዜውን ምረጡ

ጋላክሲው ከመሬት ወገብ በስተደቡብ ባለው ሰማይ ላይ ነው ያለው። ይህ ለኛ ትልቅ ዕድል ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ፣ ከፍ በሚልበት ሰዓት፣ ከአድማስ 56 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ይጠራል።

ንጽጽር ልስጣችሁ። ጋላክሲውን መጀመሪያ ያገኘችው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ካሮላይን ኸርሸል ናት። ዕለቱ መስከረም 23 ቀን 1783 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ጅራታም ኮከቦችን በትንሽ ቴሌስኮፕ እያሰሰች ሳለ አየችው። እዚያ ይህ ጋላክሲ ከአድማስ የሚነሳው 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የዛፍ ጫፍና ጉም አልፋ ነው ያገኘችው። እኛ የምናየው ከእሷ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ነው።

ለኢትዮጵያ የሚሠራው የሰዓት ስሌት በቀላሉ በቃል ይያዛል። ጋላክሲው ደቡብ ላይ ቀጥ ብሎ ከፍተኛ ቦታውን የሚይዘው፦

- ጥቅምት 1 ቀን፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ
- ኅዳር 1 ቀን፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ
- ታኅሣሥ 1 ቀን፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ

በየወሩ ሁለት ሰዓት ይቀድማል። በየቀኑ ሲሆን 4 ደቂቃ ነው። ከዚያ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ወይም ዘግየት ብትሉም ችግር የለም። እኔ የምወደው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለውን ነው። ልጆችም ሳይተኙ አብረው ማየት ይችላሉ። ለገና ምሽት እንኳ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጋደል ብሎ 50 ዲግሪ ላይ ይቆያል።

አንድ ቀን ግን ዝለሉ፤ በተለይ ከተማ ያላችሁ። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭሱ በነጋታውም ላይጠራ ይችላል።

ጨረቃ፣ ቦታና ሰው

ጨረቃ ካለች አትድከሙ። ደብዛዛ ነገር በጨረቃ ብርሃን ይዋጣል። ጨረቃ ጠፍታ ካለችበት ሰሞን ጀምሮ አዲሷ ጨረቃ አራት አምስት ቀን እስኪሞላት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እሷ ቶሎ ስለምትጠልቅ ዋናው ምሽት ጨለማ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ መሀል ይህን ጋላክሲ ማግኘት ከባድ ነው። የመንገድና የሕንፃ መብራት ሰማዩን ያነጣዋል። ከከተማ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር መራቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ደቡቡ የተከፈተ ቦታ ይሁን። ማለትም ትልቁ ከተማ ከጀርባችሁ በሰሜን በኩል ቢሆን ይመረጣል። ከተማ ውስጥ ለቀራችሁ አንድ አጋጣሚ አለ፤ ሰፈር ሙሉ መብራት ሲጠፋ ባይኖኩላሩን ይዛችሁ ውጡ። ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ገጠር ስትወጡ ብቻችሁን አትሁኑ። ዘመድ ወይም የምታውቁት ሰው ያለበት መንደር ምረጡ። ቀን በብርሃን ሄዳችሁ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለጎረቤት ምን ልትሠሩ እንደሆነ ንገሩ። በጨለማ እንግዳ ሰው ረጅም ቱቦ ይዞ ሲታይ ያስደነግጣል። መሣሪያውን ቀን አሳዩዋቸው። ማታ መጥተው እንዲያዩም ጋብዟቸው። የጅቡንና የመንደሩን ውሻ ነገር ከእነሱ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ከአንድ አዛውንት ጋር ቆማችሁ ሰማይ ስታዩ ስለ ከዋክብት የምትሰሙት ነገር ብዙ ነው።

ልብስ ደርቡ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ቆሞ ከዋክብት የሚያይ ሰው ከሚሄድ ሰው በጣም ይበልጥ ይበርደዋል። ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ።

መሣሪያ

10×50 ወይም 7×50 የተጻፈበት ባይኖኩላር ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ይናገራል። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ለደብዛዛ ነገር ወሳኙ ሁለተኛው ነው፤ ሰፊ ሌንስ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። «100 እጥፍ ያጎላል» የሚባሉ ትንንሽ ባይኖኩላሮችን አትግዙ። ጉላቱ ሲበዛ ምስሉ ይጨልማል፣ እጃችሁም ይንቀጠቀጣል።

ባይኖኩላሩ ላይ አንድ ሌላ ጽሑፍ ፈልጉ። 6.5° ወይም 114 ሜትር በ1000 ሜትር የሚል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው፤ በአንድ እይታ ምን ያህል ሰማይ እንደሚገባ ይናገራሉ። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ ይጠቅማል።

ደብተርና እርሳስ፣ በቀይ ፌስታል ወይም ጨርቅ የተሸፈነ ባትሪም ያዙ።

ዓይናችሁን አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ስልክ ከከፈታችሁ ልፋቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አጥፉት። ሰዓት ማየት ካስፈለገ የእጅ ሰዓት በቀይ ባትሪ እዩ። ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አያበላሽም።

ቀጥሎ የሚመጣው በጎን ማየት ነው። የዓይናችን መሀል ለቀለምና ለዝርዝር የተሠራ ነው። ለደብዛዛ ብርሃን ግን ደካማ ነው። በጨለማ የሚሠሩት ሴሎች ከመሀሉ ወጣ ብለው ነው የሚገኙት። ስለዚህ ጋላክሲው ያለበትን ቦታ ፊት ለፊት አታፍጡበት። ትንሽ ወደ ጎኑ ተመልከቱና ልባችሁን ጋላክሲው ላይ አድርጉ። ድንገት ብቅ ትላለች። ቀጥ ብላችሁ ስታዩዋት ትጠፋለች። እንደገና ወደ ጎን፣ እንደገና ብቅ። ይህ የዓይን ማታለል አይደለም፤ በትክክል እያያችኋት ነው።

ይህን ችሎታ ቀድማችሁ በሌላ ነገር ተለማመዱ። ማንኛውንም ከዋክብት መሀል ያለ ደብዛዛ ኮከብ መርጣችሁ ቀጥታና በጎን እያፈራረቃችሁ እዩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ፍለጋው

ሰማይ ላይ ርቀት የምንለካው በእጅ ነው። ክንዳችሁን ሙሉ ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት ቡጢ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። የተዘረጋ ስንዝር 20 ገደማ ነው።

ኅዳር 1 ቀን ምሽት 4 ሰዓት ላይ ነን እንበል።

1. ወደ አናታችሁ ቀና በሉ። ከአናታችሁ ጀምሮ ወደ ሰሜን ትልቅ ባዶ አራት ማዕዘን ታያላችሁ። አራት መካከለኛ ከዋክብት ናቸው። እያንዳንዱ ጎን ቡጢ ተኩል ያህል ነው። የፔጋሰስ አራት ማዕዘን ይባላል።

2. የምሥራቁን ጎን ያዙ። ሰሜናዊው ጫፍ አልፈራዝ፣ ደቡባዊው ጫፍ አልጀኒብ ይባላሉ። ከአልፈራዝ ወደ አልጀኒብ የሚሄደውን መስመር ወደ ደቡብ ቀጥሉት። አሁን ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ።

3. ከአልጀኒብ ሦስት ቡጢ አለፍ ስትሉ ብቻውን የሚያበራ ኮከብ ታገኛላችሁ። ጥቂት ወደ ብርቱካን ያደላ ቀለም አለው። ዙሪያው ጭር ያለ ነው። ዲፍዳ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እንቁራሪት ማለት ነው።

4. እርግጠኛ ለመሆን ከዲፍዳ ወደ ታች በቀኝ በኩል ሌላ ይበልጥ ደማቅ ኮከብ ፈልጉ። ፎማልሃውት ነው። ይህም ዐረብኛ ነው፤ የዓሣ አፍ ማለት ነው። በሀገራችን ኮከብ ቆጠራ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሑት እንደሚባል ታውቃላችሁ። ያው ቃል ነው። በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ደግሞ ከሁለቱም የሚደምቀው አኬርናር አለ። ዲፍዳ ከላይ፣ ፎማልሃውት በቀኝ፣ አኬርናር በግራ፤ ሦስቱ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። በአካባቢው ሳይርገበገብ ረግቶ የሚያበራ ነገር ካያችሁ ፕላኔት ነው፤ እለፉት።

5. ባይኖኩላሩን ዲፍዳ ላይ አድርጉና ጥርት አድርጋችሁ አስተካክሉት። ኮከቡ የመርፌ ጫፍ እስኪያህል ድረስ። ከዚህ በኋላ ማስተካከያውን አትንኩት።

6. አሁን ዲፍዳ በእይታው የላይኛው ጠርዝ ላይ እንዲሆን ባይኖኩላሩን ቀስ ብላችሁ ቀጥታ ወደ ታች አውርዱ። ጋላክሲው ከዲፍዳ በስተደቡብ 7.3 ዲግሪ ነው። ባይኖኩላራችሁ 6.5 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ ጋላክሲው ከታችኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሏል። 7 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ ጠርዙ ጋ ደርሷል። ስለዚህ ዲፍዳ ከላይ እስኪወጣ ድረስ ጥቂት ዝቅ በሉ።

7. ቁሙ። አትቸኩሉ። አንድ ደቂቃ ሙሉ በጎን እዩ። ከግራ ከላይ ወደ ቀኝ ታች ያዘነበለች ጭረት ፈልጉ።

ዝንባሌዋ ማረጋገጫ ነው። ነጥብ ካያችሁ ኮከብ ነው። ክብ ጉም ካያችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የቀራጺ ቅርጽ አትፈልጉ፤ ቀራጺ ጋላክሲው ያለበት የሰማይ ክፍል ስም ነው። ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ላካይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 እና 1752 ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ሆኖ የደቡቡን ሰማይ ሲመዘግብ ይህን ጭር ያለ ቦታ የቀራጺ ሥራ ቤት ብሎ ሰየመው። ጎላ ያለ ኮከብ የለበትም። የጭርታው ምክንያት ደስ ይላል። እዚህ አቅጣጫ ስናይ ከፍኖተ ሐሊብ ጠፍጣፋ አካል በቀጥታ ወደ ውጭ ነው የምናየው። የራሳችን ከዋክብትና አቧራ ስለሚያንስ መስኮቱ ክፍት ነው።

ለእጅ መንቀጥቀጥ አንድ መላ፦ ተዳፋት መሬት ላይ እግራችሁን ወደ ደቡብ አድርጋችሁ በጀርባችሁ ተጋደሙ። ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ። 56 ዲግሪ ላይ ያለን ነገር ቆሞ ማየት አንገት ያደክማል። ተጋድማችሁ ስታዩት ግን ምስሉ ይረጋል፤ ጭረቷም ትጎላለች።

ቴሌስኮፕ ላላችሁ፦ የአራት ደቂቃው መላ

ይህን በጣም እወደዋለሁ። ሞተር የሌለው፣ እጅ የሚገፋው ቴሌስኮፕ ካላችሁ ይሠራል።

ዲፍዳ በትክክል ደቡብ ላይ ሲሆን በዝቅተኛው ጉላት መሀል ላይ አድርጉት። 30 ወይም 40 እጥፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ቱቦውን ወደ ግራና ቀኝ ሳታነቃንቁ ቀጥታ 7.3 ዲግሪ ወደ ታች አውርዱ። ዲግሪውን ለመለካት ቱቦው ላይ የሚቀመጥ የዘንበልታ መለኪያ ይጠቅማል። የስልክ መተግበሪያም ይሆናል፤ ስክሪኑን ግን በቀይ ሸፍኑት። ከዚያ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ። ጋላክሲው ደቡብ ላይ የሚደርሰው ከዲፍዳ 4 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ምድር ራሷ ታዞርላችኋለች። አራት ደቂቃ ሲሞላ ጋላክሲው በራሱ ተንሳፍፎ ወደ እይታችሁ ይገባል። የምድርን መዞር እንዲህ በዓይኔ ያየሁበት ሌላ ጊዜ የለም።

ካልታየ ቱቦውን ግማሽ ዲግሪ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ቱቦውን በጣት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግም ይረዳል። ዓይናችን ከቆመ ደብዛዛ ነገር ይልቅ የሚንቀሳቀሰውን ቶሎ ይለያል።

መስተዋቱ 150 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጭረቷ ረጅም፣ መሀሏ ደመቅ ያለ ሆና ትታያለች። በ200 ሚሊ ሜትር ጨለማ ሰማይ ላይ ብርሃኗ ወጥ አለመሆኑ ይገባችኋል። ጠቃጠቆ አለባት። ጠቆር ያሉት አቧራ፣ ፈካ ያሉት ከዋክብት የሚወለዱባቸው ሰፈሮች ናቸው። አሁን ጉላቱን ወደ 80 ወይም 100 ከፍ አድርጉና መሀሏ ላይ ቆዩ።

ካገኛችሁ በኋላ

ደብተራችሁ ላይ ክብ ሣሉ። ያ የእይታችሁ ድንበር ነው። የምታዩዋቸውን ከዋክብት በነጥብ አስቀምጡ። ጭረቷን በእርሳስ ጎን ቀባ ቀባ አድርጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ መሣሪያውን ጻፉ። ሥዕል አልችልም አትበሉ። ሥዕሉ ለውበት አይደለም። እጅ ሲሥል ዓይን ደግሞ ደጋግሞ ያያል፤ በአሥረኛው ደቂቃ መጀመሪያ ያልታየ ነገር ይወጣል።

ሥዕሉን ይዛችሁ ቤት ስትገቡ ከትልልቆቹ መሣሪያዎች ምስል ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነ አንድ ምስል አለ። ቺሊ ውስጥ ባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ላይ ሙዝ (MUSE) በሚባል መሣሪያ ከ50 ሰዓት በላይ የተቀረጸ ነው። ጋላክሲውን በሺዎች በሚቆጠሩ ቀለሞች ከፋፍሎ ያሳያል። ሮዝ ሆነው የሚታዩት አዲስ ከዋክብት የሚያበሩት ሃይድሮጅን ነው። ከመሀል የሚፈልቀው ነጭ የጋዝ ፍሰትም አለ፤ ያ የገነፈለው ጀበና ማለት ነው።

አፍሪካ ውስጥም በዚህ ጋላክሲ ላይ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ናሚቢያ ያሉት የኸስ ቴሌስኮፖች ጋማ ጨረር የሚያስሱ ናቸው። ወደዚህች ጭረት ከ100 ሰዓት በላይ አነጣጥረው ከመሀሏ የሚመጣ ጋማ ጨረር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተገለጸው። ጨረሩ በሱፐርኖቫ ፍንዳታ የተወረወሩ ቅንጣቶች ከጋዙ ጋር ሲጋጩ የሚወጣ ነው። በተራ ብርሃን ግን በጋላክሲው ታይቶ የሚጠቀሰው ሱፐርኖቫ የ1940 እ.ኤ.አ.ው ነው። የመሀሉን ፍንዳታ አቧራው ይሸፍነዋል።

ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ ባለ ሌንስ ካሜራና ትራይፖድ ይበቃዋል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በተከፈተ አፐርቸር፣ አምስት አምስት ሰከንድ፣ መቶና ሁለት መቶ ፎቶ። ከዚያ በላይ ብትቆዩ ከዋክብቱ ይሰመራሉ። ፎቶዎቹን ሲሪል ወይም ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ደራርቡ። ትንሽ ሆና ግን ቁልጭ ብላ ትወጣለች።

ከአገር ውጭ ላላችሁ

መንገዱ ያው ነው፤ ከአራት ማዕዘኑ ወደ ዲፍዳ፣ ከዲፍዳ ቀጥታ ወደ ታች። የሚለየው ከፍታው ነው። ጅዳ 43 ዲግሪ፣ ዱባይ 39 ተኩል፣ ቴል አቪቭ 33፣ ዋሽንግተን ዲሲ 26 ገደማ ይደርሳል። ሰዓቱ እንደየአገሩ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚሞክር ደቡቡ እስከ አድማስ የተከፈተ ሜዳ ወይም የባሕር ዳርቻ ግድ ነው። ለንደን 13 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ካሮላይን ችላበታለች፣ ግን የዛሬው የከተማ መብራት በዘመኗ አልነበረም። ስቶክሆልም 5 ዲግሪ ላይ ስለሆነ እዚያ አልመክርም። ለገና አገር ቤት ስትመጡ ባይኖኩላሩን ሻንጣ ውስጥ ጨምሩ።

ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር

ጭረቷን ይዛችሁ ባይኖኩላሩን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ያቺ ክብ ጉም የነገርኳችሁ ናት፤ ኤንጂሲ 288። ከጋላክሲው ደብዘዝ ትላለች፤ ስለዚህ በጎን እዩዋት። የራሳችን ፍኖተ ሐሊብ ንብረት የሆነች የከዋክብት ጉባኤ ናት። ርቀቷ 29 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ከዋክብቷ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያረጁ ናቸው። ሁለቱን በአንድ እይታ ውስጥ አስገቡ፤ አዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት ሩቅ ጋላክሲ ከላይ በቀኝ፣ ለዘመናት አዲስ ኮከብ ያልተወለደባት ጎረቤታችን ከታች በግራ። ሁለቱንም እዚያው ክብ ላይ ሣሏቸው፤ ቀድሞ የታየችው የትኛዋ እንደሆነችም ጻፉ።